«ደህና ነኝ» አትበዪኝ

ልጄ፣ ካርቱም ልትመለሺ መሆኑን ከእናትሽ፣ ከእኅቴ ሰማሁ። ሠራዊቱ ከተማዋን መልሶ ይዟል፣ ሰው እየገባ ነው፣ የድሮዋ ማዳምሽም «ነይ» ብላ ደውላለች አሉ። አትሂጂ እያልኩ አላደክምሽም። እኔም በደርግ ጊዜ አትሂድ እየተባልኩ ነው መተማን የተሻገርኩት፤ ተመክሮ የቀረ ስደተኛ እስካሁን አላየሁም። ስለ ጥይቱ፣ ስለ ኬላው፣ ስለ ደላላው የሚነግርሽ ሰው ሞልቷል። አንቺም በ2015 ሚያዝያ ላይ ጦርነቱ ሲፈነዳ በገላባት በኩል በእግርሽ የወጣሽ ነሽና ከማናችንም በላይ ታውቂዋለሽ። እኔ ላጫውትሽ የፈለግሁት ሰው ሁሉ አፉን ሸፍኖ የሚያልፈውን ነው፦ በሰው አገር አእምሮ እንዴት እንደሚታመምና ምን እንደሚጠብቀው።

አንዲት ልጅ ነበረች። ካርቱም፣ ዐማራት ሰፈር ውስጥ፣ ሰፊ ግቢ ያለው ቤት ትሠራ ነበር። ስትመጣ ሃያ ዓመት አልሞላትም። ፓስፖርቷ ማዳሟ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፣ መኝታዋ ከኩሽናው ጀርባ ያለች ዕቃ ቤት ናት፣ ዕረፍት የሚባል ቀን የለም። ዓርብ ማታ ለእናቷ በኢሞ ትደውላለች። ከመደወሏ በፊት ፊቷን ትታጠባለች፣ ቅባት ትቀባለች፣ የማዳሟ ሳሎን ከጀርባዋ እንዲታይ አድርጋ ትቆማለች። «ደህና ነኝ እማ፤ ወፍሬያለሁ እኮ፣ አይታይሽም?» መጀመሪያ የሸሻት እንቅልፍ ነው። ቀጥላ ራሷ ያልከፈተችውን ምግብ አልቀምስም አለች። የካርቱም ቤቶች መስኮት ላይ የሚገጠመውን፣ ውሃ እየተንጠባጠበበት የሚነፍሰውን ማቀዝቀዣ ታውቂዋለሽ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጉረመርም ያድራል። በዚያ ማጉረምረም ውስጥ እናቷ በስሟ ስትጠራት ትሰማ ጀመር። ማዳሟ «ጂኒ ይዟታል» አለችና አንድ ቀን ከነሻንጣዋ ዴም ሰፈር፣ አንድ የሐበሻ ቡና ቤት በር ላይ አውርዳት ሄደች። ይህን ሁሉ የነገረችን ከዳነች በኋላ ነው። ቡና ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ምን እንዳደረጉላት ቆይቼ እነግርሻለሁ።

ያኔ «ድሮም ልክ አልነበረችም» ያሉ ነበሩ። ወሬው አዲስ አይደለም፤ የተማሩትም ብለውታል። ኦርኑልቭ ኦደጎርድ የሚባል የኖርዌይ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው ጥናት፣ ወደ አሜሪካዋ ሚኒሶታ የፈለሱ ኖርዌጃውያን ስኪዞፍሬንያ በሚባለው ከባድ ሕመም ሆስፒታል የሚገቡት አገራቸው ከቀሩት ወገኖቻቸው እጥፍ ገደማ ሆነው አገኛቸው። ምክንያቱን ሲፈልግም፣ ከመጀመሪያው ለሕመሙ የቀረበ ሰው ነው አገሩን ጥሎ የሚሄደው ወደሚለው አዘነበለ። ከእሱ በኋላ የመጡት አጥኚዎች ግን ይህ ብቻውን ነገሩን እንደማይፈታው አሳይተዋል። ስዊድን ውስጥ የከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎችን መዝገብ ተከትሎ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት አለ። ከጦርነትና ከአሳዳጅ ሸሽተው ጥገኝነት ያገኙት፣ ከዚያው ከእነሱ አካባቢ በሌላ ምክንያት ከመጡት ይልቅ በዚህ ዓይነቱ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው በ66 በመቶ በልጦ ተገኘ። ከስዊድን ተወላጆች ጋር ሲተያይ ደግሞ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። በሩን ቆልፎ የወጣና ቤቱ ላዩ ላይ የተቃጠለበት ሰው እኩል አይደሉም ማለት ነው። እንዳትደነግጪ፤ ከስደተኛው አብዛኛው አይታመምም። ግን የሚታመመው ለምን እንደሚታመም ማወቁ ይጠቅምሻል።

ከሁሉም ልቤን የነካኝ ሆላንድ ውስጥ፣ ሄግ ከተማ የተሠራው ነው። ከሞሮኮ፣ ከቱርክና ከሱሪናም የመጡ ሰዎችን ሰፈር በሰፈር ለይተው አዩ። የአገራቸው ሰው በማይገኝበት ሰፈር ተበትነው የሚኖሩት ከከተማው ሰው ከእጥፍ በላይ ይታመማሉ። የአገራቸው ሰው በሞላበት ሰፈር የሚኖሩት ግን ከከተማው ነዋሪ ብዙም አይርቁም። ያው ሰው፣ ያው ስደት፣ ያው ከተማ ነው፤ የተለየው ጎረቤቱ ብቻ።

ስለዚህ ስትደርሺ ዐማራትን አይተሽ አትጓጊ። ዛፍ አለው፣ መብራቱም ቶሎ ይመለስ ይሆናል፣ ደመወዙም ጥቂት ይሻላል። ጅሬፍ ሰፈር አቧራ ነው፤ ሐቡብ ሲነሳ አልጋሽ ውስጥ አሸዋ ታገኛለሽ። ቢሆንም ጅሬፍ ወይም ዴም ከእኅቶችሽ ጋር ክፍል ተከራይተሽ፣ ጠዋት ሄደሽ ማታ የምትመለሺበትን ሥራ ፈልጊ። አድሮ መሥራት ግድ ከሆነም ደመወዝ ከመነጋገርሽ በፊት ዓርብሽን ተነጋገሪ። ዓርብ ከሰዓት ወጥተሽ፣ በአማርኛ ተጨቃጭቀሽ፣ ቡና ጠጥተሽ፣ ሰው አምተሽ የምትመለሺበት ቀን ያስፈልግሻል። ሐሜትን እንደ ኃጢአት ያስተማሩሽ እነ እማማ ሰው አገር አልኖሩም። ዕቁብ ግቢ፤ ገንዘቡ እንኳ ባይጠቅምሽ፣ ሳትመጪ ስትቀሪ «ምን ሆነች?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይኖርሻል። ማኅበሩም፣ ቤተክርስቲያኑም፣ መስጊዱም እንደዚያው ነው። ጦርነቱ ይህን ሁሉ በትኖት ይሆናል። ሦስት ሴት ካገኘሽ ግን ዕቁብ ይጀመራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ስደተኛ ሁለት ጊዜ ይደበቃል። አንዱ ከመንግሥት ነው። ሱዳን ስደተኛን በካምፕ እንጂ በከተማ አትፈልገውም፤ ካርቱም የሚኖር ወረቀት የሌለው ሰው ሁልጊዜ አንድ ጆሮው ውጭ ነው። «ከሻ»፣ የፖሊስ አፈሳ፣ ሲባል ሻይ ሻጮቹ ምን እንደሚሆኑ አይተሻል፤ በርጩማው ሲገለበጥ፣ ከሰሉ አስፋልት ላይ ሲበተን፣ ጀበናዋን ብቻ በነጠላዋ ጠቅልላ የምትሮጠው ሴት። ፕሬዚዳንት ኒሜሪ የሸሪዓውን ሕግ ካወጀበት፣ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 1983 ጀምሮ ስንቷ አረጊ አወጣሽ፣ ስንቷ አለባበስሽ ደግ አይደለም ተብላ ተገርፋለች። የበሽር ዘመን የሕዝብ ሥርዓት ሕግ በ2012 ኅዳር ተሽሯል፤ ሕጉ ሲሻር ፖሊሱ አብሮ አልተሻረም እንጂ። ዘወትር ሊያዝ እንደሆነ የሚጠብቅ ሰው ተኝቶም አያርፍም። ጥርጣሬው ያኔ ትክክል ነው፤ ያድነዋል። ችግሩ፣ ከዓመታት በኋላ ፖሊሱ ሲሄድ ጥርጣሬው ሳይሄድ መቅረቱ ነው። ጎረቤቱን፣ ሚስቱን፣ የበላውን ምግብ መጠርጠር ይጀምራል።

ሁለተኛው መደበቅ ከቤተሰብ ነው፤ ይህኛው የባሰ ይመስለኛል። ከመንግሥት የሚደበቅ ሰው ቢያንስ ከወዳጁ ጋር ያወራል። ለእናቱ «ደህና ነኝ» የሚል ሰው ግን ያቺን ቃል ለመጠበቅ ሲል ጓደኛውንም ይሸሻል፤ አብሮት ያለው ሰው አገር ቤት ደውሎ እንዳያወራበት። ዕዳ አለ፣ መሬት ተይዟል፣ ላም ተሸጣለች፣ የታናሽ ወንድም ትምህርት አለ። «ሳላሳካ ምን ይዤ እመለሳለሁ?» ይላል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ፣ ከዐረብ አገርና ከደቡብ አፍሪካ በተመለሱ ከሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ላይ የተሠራ ጥናት ከአራቱ ከአንዱ በላይ በጭንቀትና በድብርት ዓይነት ሕመም ተይዘው አግኝቷል። ያሰብኩትን ሳላሳካ ቀረሁ የሚለው የጥፋተኝነት ስሜት ያለባቸው ይበልጥ ታመው ነበር። የአሠሪ ዱላ የራሱ ጠባሳ አለው፤ እፍረቱ ግን ሰው እንዳያይብሽ የምትደብቂው ጠባሳ ነው።

ከሁለቱ መደበቅ ሌላ አእምሮን የሚጎዳ ሦስተኛ ነገር አለ፣ መጠበቅ። እሱን በአጭሩ ልለፈው፤ አንቺ ገና ወጣት ነሽ፣ ላይይዝሽ ይችላል። በእኔ ዘመን ካርቱም የነበርነው ሁሉ አንድ ቀን ካናዳ ወይ አሜሪካ እንጠራለን ብለን ፎርም ሞልተን የተቀመጥን ነን። በ1992 የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ከ1983 በፊት ለወጡት ኢትዮጵያውያን የስደተኛነት ምክንያታቸው አብቅቷል አለ። ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ይዞ የሚዞር ጎረቤት ነበረኝ፤ ከዚያም በኋላ አላወጣውም። ዐረብኛ አልተማረም፣ ሙያ አልያዘም፣ ቤት አልሠራም፤ «ነገ ለምሄደው» እያለ። አንቺ ፎርም ሙዪ፤ ሞልተሽ ግን ነገ እንደማይጠሩሽ ሆነሽ ኑሪ። ዐረብኛሽን አስተካክዪ። ስለ ሊቢያ መንገድ ብዙ አልልም፤ ይህን ብቻ ልጥቀስ፦ ኦምዱርማን ሱቅ ሊቢያ ቆሞ «በሳምንት ባሕሩ ላይ ነሽ» የሚልሽ ሰው ሁልጊዜ የሚመጣው በጣም ብቸኛ የሆንሽ ቀን ነው። በ2007 ሚያዝያ ሊቢያ ውስጥ አይኤስ የገደላቸውን ልጆች የአዲስ አበባው ቂርቆስ ሰፈር እስከ ዛሬ ያለቅስላቸዋል።

እንግዲህ የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። እውነቱን ሁሉ የሚያውቅ አንድ ሰው ይኑርሽ። ለእናትሽ ሁሉን አትንገሪ፤ ልቧ አይችልም፣ የስኳርና የደም ግፊት ሴት ናት። ለእኔ ግን ንገሪኝ። ስደውልልሽ «ደህና ነኝ» አትበዪኝ። ስንት ሰዓት እንደተኛሽ፣ ምን እንደበላሽ፣ ማን እንደሰደበሽ፣ ማን እንደነካሽ ንገሪኝ። እኔን ካፈርሽኝ የዕቁብ ጓደኛሽ ትሁን። እሷም የእኔን ስልክ ትያዝ፤ አንቺ መናገር ያቃተሽ ቀን እሷ ትደውል።

እንቅልፍሽን እንደ ደመወዝሽ ቁጠሪው። ሁለት ሦስት ሌሊት ስላልተኛሽ አትደንግጪ፤ የካርቱም ግንቦት ማንንም አያስተኛም። ሳምንት ካለፈ፣ ድካምም ሳይሰማሽ ከነቃሽ፣ ሰዎች ስለ አንቺ የሚያወሩ ከመሰለሽ፣ ያን ቀን ነው መናገር ያለብሽ። እንቅልፍ ይሰጣል ብለው ትራማዶል የሚያቀብሉሽ አሉ፤ ከጦርነቱ በፊት በነበሩት ዓመታት ደግሞ አይስ የሚሉት ክፉ ነገር በካርቱም ወጣት ውስጥ ገብቶ ስንቱን በጥርጣሬ አሳብዶታል። አረጊም ያስተኛል፤ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ግን መልሶ ይቀሰቅስሻል፣ ያውም ከነሐሳብሽ።

አንድ ነገር ደግሞ አስምሪበት። ደህና የነበረ ሰው በአንድ ቀን ውስጥ ቢቀባዥር፣ ሰው ባያውቅ፣ ገላው ትኩስ ቢሆን፣ እብደት ነው ብላችሁ ጸበልም ሼህም ፍለጋ አትሂዱ። በዚያው ሰዓት ደሙ ይታይ። የመተማና የሱዳን ወባ አንጎል ላይ ሲወጣ እብደት ይመስላል፤ ቶሎ መድኃኒት ያገኘ ይድናል፣ ሲጸለይለት ያደረ ይሞታል። የፀሐይ ምትም እንደዚያው ያደርጋል።

ወደ ዴም ሴቶች ልመለስ። ልጅቷን ብቻዋን አላስተኟትም። ተራ ገብተው አንዷ ስትተኛ አንዷ ትነቃለች። ጩኸቷ ጎረቤት ሲያስከፋ ወጥተው ይቅርታ የሚጠይቁት እነሱ ናቸው። ክርክሩ የመጣው ወዴት እንውሰዳት ላይ ነው። አንዷ ቄስ አስመጣች፤ ተጸለየላት። ሌላዋ ኦምዱርማን የዛር ሼኻ አውቃለሁ፣ ከበሮ ይመታላት አለች። እዚህ ላይ ሳልስቅ አልቀረሁም፤ የሱዳን ዛር መንፈሶች በየነገዳቸው ሲሰለፉ አንደኛው ወገን ሐበሾች ናቸው፣ አጥኚዎችም ብዙዎቹ ልምዱ የተሻገረው ከእኛ አገር ነው ይላሉ። ጎንደር ላይ የሚያጓራው ዛር ከእኛ ቀድሞ ያለ ኢቃማ፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ፣ ኦምዱርማን ገብቶ ተከብሮ ይኖራል። የሴቶቹ ታላቅ፣ ፊደል ያልቆጠረች የወልቃይት ሴት፣ «ጸሎቱም ይሁን፣ ከበሮውም ከወደዳችሁ ይሁን፤ ነገ ጠዋት ግን ሐኪም ጋ እወስዳታለሁ» ብላ ነገሩን ቆረጠችው።

የወሰደቻት ኦምዱርማን ቲጃኒ አል-ማሒ ሆስፒታል ነው። ስሙን የወሰደበት ሰው የሱዳን የመጀመሪያው የአእምሮ ሐኪም ነበር፣ በ1911 ተወልዶ በ1970 ያረፈ፣ እ.ኤ.አ. ማለቴ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1964ቱ የጥቅምት አብዮት በኋላም በተፈራራቂነት አገር ከመሩት የከፍተኛው ምክር ቤት አባላት አንዱ ሆኗል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሥልጣኑ ሳይሆን ጠባዩ ነው። እንግሊዝ አገር ተምሮ ሲመለስ ሼሆቹንና ባህላዊ አካሚዎቹን አላንቋሸሸም፤ በሽተኛው መጀመሪያ የሚሄደው እነሱ ጋ ነው ብሎ ከእነሱ ጋር ሠራ። ያቺ የወልቃይት ሴት ስሙን እንኳ አታውቅም ነበር፤ አሠራሯ ግን የእሱ ነው። ልጅቷ ኪኒን ተሰጣት። አፏ ደረቀ፣ ወፈረች፣ ቀን ቀን ታንቀላፋለች። ተሻለኝ ብላ ስታቆም ድምፁ ተመለሰ፤ እንደገና ጀመረች። በዓመቱ ከሴቶቹ ጋር ቆማ ዚላቢያ ትጠብስ ነበር። ከዚህ የምትወስጂው፣ ኪኒን በራስ ፈቃድ እንደማይቆም ነው። ቢያስቸግርሽ ለሐኪሙ ንገሪው፣ ይቀይርልሻል። ቲጃኒ አል-ማሒም፣ ባሕሪ ያለው ጣሃ ባዓሸርም በጦርነቱ የተጎዱ ናቸውና ስትደርሺ የትኛው እንደሚሠራ አስቀድመሽ ጠይቂ፤ የሚያስፈልግሽ ቀን ለመጠየቅ አትችዪም።

ሌላ ሁለት ነገር፣ አጎት ለእኅቱ ልጅ ማንሳት የሚከብደው። መንገድ ላይም ሆነ ቤት ውስጥ ወንድ አስገድዶ ቢነካሽ ነውሩ የእሱ ነው፣ ያንቺ አይደለም። ሳትታጠቢ፣ በሦስት ቀን ውስጥ ሐኪም ቤት ድረሺ፤ ኤችአይቪንም እርግዝናንም የሚከላከል መድኃኒት አለ፣ ሲዘገይ ግን አይሠራም። ሁለተኛው፣ መሞትን መመኘት ከመጣብሽ ወይም ጓደኛሽ «ቢበቃኝ ይሻላል» ካለችሽ «ተይ እንዲህ አይባልም» ብላችሁ አትዝጉት። ምን እያሰብሽ ነው ብለሽ በግልጽ ጠይቂያት፤ መጠየቁ ሐሳቡን አይፈጥርም። ያን ሌሊት ብቻዋን አታስተኚያት፣ በማግስቱ ወደ ሐኪም።

እናም ከመሄድሽ በፊት አንድ ነገር አለ። ከ2015 ወዲህ በር በኃይል ሲዘጋ እንደምትዘይ፣ ሌሊትም ተነስተሽ ደጁን ስታይ እንደምታድሪ እናትሽ ነግራኛለች። በገላባት መንገድ ያየሽውን ለማንም አልተናገርሽም። ይህን ይዘሽ ከተመለስሽ እዚያ የሚጠብቅሽ ሌላው ሁሉ በላዩ ላይ ነው የሚጫነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ ቅዳሜ መጥቼ አብረን እንሄዳለን። አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ነው የሚወስደኝ ብለሽ እንዳታፍሪ፣ አማኑኤልም ቢሆን የሰው ልጅ የሚታከምበት ቤት ነው። አዲስ አበባ ያለው አጋር ኢትዮጵያ ከዐረብ አገር ታመው የተመለሱ እኅቶችሽን ተቀብሎ ያሳክማል፤ ከእነሱ ብዙዎቹ ዛሬ ሠርተው ይበላሉ። በ2006 ከሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ሲመለስ ቦሌ ላይ እጃቸው ታስሮ የወረዱትን አይተን አንገታችንን የደፋን ሰዎች፣ አሁንም ስለዚህ ሕመም በሹክሹክታ ማውራታችን ይገርመኛል። ሐኪሙ ጥቂት ቆይተሽ ሂጂ ካለሽ ማዳምሽ ትጠብቃለች፤ ባትጠብቅም ሌላ ማዳም አለ።

የዕዳውን ነገር ለእኔ ተዪው። ያበደረሽን ሰውዬ አነጋግሬዋለሁ፤ እስከ መስከረም አይጠይቅሽም። ለእናትሽም ለወንድምሽም የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ገንዘብ ላኪ ብለው እንዳይደውሉ ነግሬያቸዋለሁ። ወንድምሽ ትንሽ አጉረምርሟል፣ ይለምደዋል። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጎንደር ፒያሳ እንገናኝ፤ የሆስፒታሉ ካርድ ቶሎ ስለሚያልቅ አትዘግዪ።